ዳምጤ የመረመራት ቀይ መኪና

ዳምጤ ጠርጣራ ሰው ነው። በመቱና በሁሩሙ መካከል ሚኒባስ ሲያመላልስ ያረጀ ሹፌር ሲሆን፣ ጎማውን በእግሩ ሳይመታ፣ ፍሬኑን ሁለቴ ሳይረግጥ፣ ጆንያ የያዘውን መንገደኛ «ምንድነው ያለበት?» ሳይል ተነስቶ አያውቅም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የምትለውን ተረት ሌላው ለቀልድ ያነሳታል፤ እሱ ግን ሃይማኖት አድርጓታል። ከሁሉም የሚጠረጥረው ሴት ልጁን ሳያትን ሊያገባ የመጣን ወንድ ነው። ከዚህ በፊት የጠየቃት አስተማሪ ሲጨብጡት እጁ ይቀዘቅዛል ተብሎ ተመለሰ። ቀጥሎ የመጣው ፀሐፊ ቀና ብሎ ሰው አያይም ተባለ። ሳያት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ትሠራለች፤ ሠላሳ ዓመቷን አልፋለች። ዛሬም ጠዋት የሚያደርሳት፣ ማታ የሚመልሳት አባቷ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ደግሞ የጌድዮን ሽማግሌዎች መጡ። ጌድዮን የሁሩሙው ማር ነጋዴ የኦቦ ቀኖ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሽማግሌዎቹ በወጉ ቆመው ተናገሩ፤ ዳምጤም በወጉ «ዘመድ እናማክር፣ በሳምንቱ ተመለሱ» አላቸው። ያ ሳምንት የልጁ ዘርና ጠባይ የሚጠየቅበት ነው። ዳምጤ ግን ስለ ጌድዮን ማንንም አልጠየቀም። ያጠናው መኪናውን ነው።

ጌድዮን የመጣው መቱ አይታው በማታውቀው መኪና ነበር፤ ቀይ፣ ከመሬት የተጣበቀች፣ ስትነሳ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የምታስጮህ የእሽቅድምድም መኪና። ባለባጃጆቹ መንገድ ዳር ቆመው ነው ያሳለፏት።

«ከየት አመጣት?» አለ ዳምጤ።

«ተጋጭታ የተጣለች ገዝቶ በገዛ እጁ አደሳት አሉ» አለችው ሚስቱ ዘውደነሽ።

«ማንን ገጭታ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን የሚያገባት መኪናዋ ናት እንዴ?»

ዳምጤ፣ ሰው ሊዋሽ ይችላል፤ መኪና ግን ባለቤቷን ታሳብቃለች ብሎ ያምናል። በሦስተኛው ቀን ጌድዮንን አስጠርቶ «እስቲ አሳፍረኝ» አለው።

ወደ ሁሩሙ ወጡ። ጌድዮን ነዳጅ ረገጥ ሲያደርግ ዳምጤን ወንበሩ ዋጠው። ሚኒባሱ እያቃሰተ የሚወጣውን ዳገት ማርሽ ሳይሰማ ወጡት። ሚኒባሱ ተንጋዶ የሚዞረውን ኩርባ መኪናዋ መሬቱን ይዛ ዞረችው። ላሞች ድንገት ሲገቡባቸውም ፍሬኗ ዝንፍ ሳትል አቆማት። ዳምጤ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ሞተር ሰምቶ አያውቅም፤ ደስ አለው፤ ሳያስበው ሳቀ። ወዲያው በገዛ ሳቁ ደነገጠ። ይኼ ልጅ ሊያሞኘኝ ነው አለ በሆዱ፣ ፊቱንም አጠቆረ።

ሁሩሙ መግቢያ ላይ ግን ፍጥነት ለመቀነስ የተሠራው ጉብታ ላይ ሆዷ ተንጠለጠለ። ገበያተኛው ማሩንና ቡናውን አስቀምጦ ከበባት። ጌድዮን ኮቱን አውልቆ ከሰው ጋር እየሳቀ አነሳት። ዳምጤ ዳር ቆሞ «እሰይ፣ ታየች!» አለ በልቡ።

መቱ ሲመለስ መካኒኩን ኦላናን ጠየቀው።

«ዱጉማ ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ ሞተሯስ ሞተር ነው» አለ ኦላና። «ግን ክረምት ላይ በዚያ ጭቃ ወደ ኡካ ቢሄዱባት በበሬ ነው የምትወጣው። ዕቃዋም እዚህ አይገኝም።»

ሽማግሌዎቹ ለመልስ በሚመጡበት ዋዜማ ዳምጤ ሳያትን ፊቱ አስቀምጦ ፍርዱን ሰጠ።

«አልዋሽም፣ ጉልበት አላት። ፍሬኗ የኔን ሚኒባስ ያስንቃል። ግን ይኼ ሁሉ ጉልበት በባጃጅና በላም መሀል ምን ይሠራል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ሆዷ ይነካል፤ ቤንዚን ትጠጣለች፤ ብትሰበር ተሰብራ መቅረቷ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት። እኔ የት ልቀመጥ ነው? እናትሽስ? ሰው ሁለት ወንበር ያላት መኪና የሚገዛው ምን አስቦ ነው?»



«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሳያት። «እኔ የወደድኩላት እሱን ነው።»

«ምኑን?»

«ሦስተኛ ሰው አለመያዟን።»

ዘውደነሽ ቀና ብላ ልጇን አየቻት፤ አልተቆጣቻትም። ለዳምጤ ይህች ልጅ ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ አጠገቡ ተቀምጣ ስትሄድ ደስ ብሏት ይመስለው ነበር። ክፉኛ ከፋው።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ዳምጤ ስለ መኪናዋ አንድም ቃል ሳያነሳ «ሰጥተናል» አላቸው። ደስ ብሏቸው መረቁ። አንደኛው «ልጅቷስ ፈቅዳለች?» ሲሉ ጠየቁ።

«እሷማ ቀድማን ሄዳለች» አለ ዳምጤ።

ሽማግሌዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።