በቆዳ የተጠለለ ቤንዚን

ሾፌር ለገሠ ሰው አያምንም ነበር። «እንደምን አደርክ?» ሲሉት እንኳ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ብሎ በሆዱ ካወጣ ካወረደ በኋላ ነው «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው። ሥጋ ሲገዛ ሥጋውን ሳይሆን የሻጩን እጅ ያያል። አንድ ጎረቤት ልጁን ክርስትና እንዲያነሣለት ቢለምነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ አስቦ፣ ሰውየው ይህን የጠየቀበትን ተንኮል ሊደርስበት ባለመቻሉ፣ እንቢ ብሎታል። ሚስቱ ገላነሽ ይህን ጠባዩን ስለለመደችው «ገብርኤል ቢገለጥለት እንኳ ሊበደረኝ ነው የመጣው ይላል» እያለች ትስቅበት ነበር።

ሐረር ተወልዶ ሐረር ያደገ ሰው ነው። አባቱ በ1879 ከሸዋ ከዘመተው ጦር ጋር መጥቶ፣ ከሸዋ በር ውጭ ቦታ ተሰጥቶት፣ ቤትና የበቅሎ ጋጣ ሠርቶ በዚያው ቀረ። ለገሠ ጎልማሳ ሲሆን ድሬዳዋ ወረደና በምድር ባቡሩ መጠገኛ ብረት መሞረድና መግጠም ተማረ፤ ተመልሶም ለአንድ ግሪካዊ ነጋዴ ሾፌር ሆነ። ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው መኪና ነዳ። ሕዝቡ መንገድ እየለቀቀ እጅ ሲነሣ፣ እጅ የሚነሣው ከኋላ ለተቀመጠው ነው። መሪውን የያዘውን ማንም ልብ አይለውም። ይህ ነገር አንጀቱን ይበላው ነበር።

ነጋዴው አንድ ቀን ለገሠን ቤት ትቶ ራሱ ሲነዳ በድሬዳዋ መንገድ፣ ደንገጎ ላይ ገደል ገባና ሞተ። ወራሾቹ ያቺን መኪና ዳግመኛ ማየት ስላልፈለጉ «ከገደል የሚያወጣት ካለ ይውሰዳት» አሉ። ለገሠ «በነፃማ አይሰጡኝም፣ ከጀርባው አንድ ነገር አለ» ብሎ ሁለት ሳምንት ሲያመነታ ከረመ። በመጨረሻ በበሬ አስጎትቶ አወጣትና፣ በቅሎዎቹ ካለቁ ወዲህ ባዶውን በቀረው የአባቱ ጋጣ ውስጥ አስገባት። ጋጣው ወደ መንገድ የሚከፈት ትልቅ በር አለው፤ ከማድ ቤቱ ጋር ደግሞ ገላነሽ ድሮ ለበቅሎዎቹ አተላ ይዛ በምትገባበት አጭር በር ይገናኛል።

በ1926 ዓ.ም. መስከረም ላይ አንድ ወሬ ተሰማ። የከተማው የውጭ አገር ነጋዴዎች በግንቦት፣ በፈረስ መጋለቢያው ሜዳ፣ የመኪና እሽቅድምድም ሊያደርጉ ነው፤ መኪና ያለው ሁሉ ሊገባ ይችላል፤ ሜዳውን ዐሥር ጊዜ የሚዞር ነው። ለገሠ ይህን ሲሰማ ልቡ ዘለለ። የሐረር ሰው ሁሉ ባለበት፣ በገዛ መኪናው፣ አንድ ቀን ፊት ቢወጣ! ከዚያ በኋላ የፈለገው ይምጣ። እሽቅድምድሙን ካላሸነፈ ግን ዕድሜ ልኩን የሰው ሾፌር ሆኖ እንደሚቀር ታወቀው።

መከለያዋን፣ በሮቿን፣ ጣሪያዋን፣ የኋላ መቀመጫዋን አንድ በአንድ ፈትቶ አወለቀ። የቀረችው ሞተር፣ አራት ጎማና አንድ ወንበር ብቻ ነች። ብረቱን እሱ ይችለዋል። ችግሩ ቆዳ ነበር። ያን ጊዜ የዚህች ዓይነት መኪና ፍሪሲዮኗ በቆዳ የተለበደ ነው፤ ቆዳው ካረጀ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው አይዞርም። ቆዳውን ለክቶ፣ ፍቆ አቅጥኖ፣ ሳይጨማደድ የሚለብድ ሰው ሲያፈላልግ ጀጎል ውስጥ፣ አቦከር ሰፈር፣ ዐብዱልገኒ የሚባል መጽሐፍ ጠራዥ እንዳለ ነገሩት። ዐብዱልገኒ የቁርአን ሽፋን ሲሠራ እጁ አይንቀጠቀጥም ይባልለት ነበር። ለገሠ አንድ ወር ሙሉ በሱቁ በር እያለፈ ሥራውን ሰረቅ አድርጎ ካየ በኋላ ገብቶ አናገረው።

ዐብዱልገኒ መኪናዋን ባየ ጊዜ «ሱብሃነላህ! ይቺ እኮ አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው» ብሎ ሳቀ። ቆዳውን ግን ባንድ ቀን ለበደላት። በማግስቱም ሳይጠሩት መጣ፤ በሠልስቱም። ሰውየው መኪና ወደደ። ለመጽሐፍ የማይሆን ስስ የፍየል ቆዳ እያመጣ የውኃውንና የቤንዚኑን ማለፊያ መጋጠሚያዎች ያሽጋል። ያን ጊዜ ቤንዚን ከድሬዳዋ በቆርቆሮ ጣሳ ሲመጣ ውኃ ሳይቀላቀልበት አይደርስም ነበር። ዐብዱልገኒ አንዱን ቆዳ ፍቆ ፍቆ አለሰለሰና በቤንዚን አርሶ በታንከሯ አፍ ላይ ወጠረው። ቤንዚኑ በቆዳው ወደ ታች ሲንጠባጠብ ውኃው ከላይ ተጠራቅሞ ቀረ፤ ቆዳውንም ከነውኃው አነሣው። ለገሠ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው እጅ አይቶ «ይበል» አለ። የጋጣውን ቁልፍ አስቀርጾ አንዱን ለዐብዱልገኒ ሰጠው። መኪናዋም የሁለታቸው እንድትሆን ተማማሉ።

ገላነሽ ግን መኪናዋን ፈራቻት። ሰው የበላች መኪና ናት። «ቄስ ጠርተን ጠበል ትረጭ፣ ከዚያ እንደፈለግህ ንዳት» ብላ ለመነችው።

«ቄስ? ቄሱ ለዲያቆኑ፣ ዲያቆኑ ለአባይነህ ሊነግር?» አለ ለገሠ። አባይነህ የአርመኑ ነጋዴ ሾፌር ነው፤ በሜዳው የሚፈራውም እሱን ብቻ ነው። «እዚህ ጋጣ ውስጥ ከእኔና ከዐብዱልገኒ በቀር ማንም አይገባም። አበቃ።»

ገላነሽ ዝም አለች። እሱም ዝም ማለቷን እሺታ አደረገው።

ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መኪናዋን አውጥተው ሞከሯት። ጥቂት እንደሄደች ታንቃ ቆመች። ለገሠ ከካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን፣ ዝቃጭ የሚጠራቀምባትን ትንሽ ኩባያ ፈትቶ መዳፉ ላይ ቢገለብጣት፣ ከቤንዚኑ ጋር ውኃ ወረደ። ትንሽ ነው፤ ግን ውኃ ነው። ዐብዱልገኒን ቀና ብሎ አየው። ቤንዚኑ በቆዳ ተጠልሎ ነው የገባው፤ ራሱ ቆሞ አይቷል። እንግዲህ ውኃው በኋላ የገባ ነው። የጋጣው ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ያን ቀን ኩባያዋን መልሶ አጥብቆ መኪናዋን ወደ ጋጣው አስገባ። ከዚያ ወዲያ ግን እንቅልፍ አጣ። በሩ ሥር አመድ እየበተነ ዱካ ይፈልጋል። ዐብዱልገኒ ሲስቅ ለምን እንደሳቀ፣ ዝም ሲል ለምን ዝም እንዳለ ያብሰለስላል። አንድ ረፋድ ላይ በፈረስ መጋላ አደባባይ ሲያልፍ ዐብዱልገኒና አባይነህ ቆመው ሲነጋገሩ አየ። አባይነህ አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው፤ ዐብዱልገኒም ተቀብሎ በብብቱ ያዘው። ለገሠ ፊቱን አዙሮ «ያው! ያው!» እያለ ቤቱ ገባ። ጨርቁ ውስጥ የነበረው ሊጠረዝ የመጣ አሮጌ ዳዊት መሆኑን ቢጠይቅ ኖሮ በሰማ ነበር። ለገሠ ግን ሲጠረጥር እንጂ ሲጠይቅ አልተፈጠረም።

ውድድሩ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ገና ጎህ ሲቀድ ጋጣውን ከፍቶ ገባ። ዐብዱልገኒ ቀድሞታል። መኪናዋ ሥር ተንበርክኮ፣ ኩባያዋን ፈትቶ፣ የቤንዚኑን ቧንቧ ከፍቶ በሳህን ላይ ያንጠባጥባል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

ዐብዱልገኒ ደነገጠ። «እያጠለልኩ ነው።»

«ማን አዘዘህ?»

ዐብዱልገኒ ወደ ማድ ቤቱ አጭር በር አየት አደረገና መሬት መሬቱን አየ። «ማንም።»

«ለማን ነው የሸጥከኝ? ለአባይነህ ነው? በየማለዳው እየመጣህ ውኃ ስትጨምርባት ነው የከረምከው!»

«ወላሂ ለገሠ፣ እኔ ውኃ አልጨመርኩም።»

«እና ማን ጨመረ? ሰይጣን ነው?»

ዐብዱልገኒ ሳህኑን ወደ ጎን አደረገ። ለገሠ ከዚያ በኋላ የተናገረውን እዚህ መድገም ነውር ነው፤ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን አባቱንና ሃይማኖቱን ጭምር ተናግሯል። ዐብዱልገኒ እጁን ጠራረገ፣ ኩባያዋን በቦታዋ አጥብቆ አሠረ፣ ቁልፉን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ለገሠ በዚያው ቀን መቆለፊያውን ለወጠ፤ አዲሱን ቁልፍም በክር አድርጎ አንገቱ ላይ አሠረው።

የውድድሩ ዕለት ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተሞላ። አራት መኪኖች ተሰለፉ። የለገሠን አጥንቷ ብቻ የቀረ መኪና ያየ ሁሉ ሳቀ። ባንዲራው ሲወርድ ግን ሳቁ ጠፋ። መኪናዋ ቀላል ናት፣ ፍሪሲዮኗም እንከን የለውም፤ በሁለተኛው ዙር ሁለቱን፣ በአራተኛው አባይነህን አለፈች። ሕዝቡ «ለገሠ! ለገሠ!» ብሎ ጮኸ። ስሙን በሕዝብ አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነውና እንባው መጣ። አቧራ ነው ብሎ ጠረገው።

በሰባተኛው ዙር፣ ሕዝቡ በበዛበት መታጠፊያ ላይ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ። ከዚያ ደገመው። መኪናዋ እየተንገጫገጨች ሄዳ ቆመች። አባይነህ እጁን አውጥቶ እያውለበለበ አለፈው። ለገሠ ኩባያዋን ፈትቶ መዳፉ ላይ ገለበጣት። ውኃ ነው፤ ያውም ከበፊቱ የበዛ።

እንዲያም ሆኖ ጠባዩ አልተወውም። «ሌላ ቁልፍ አስቀርጿል!» አለ። መኪናዋን በሰው አስገፍቶ፣ ዐብዱልገኒን ዳኛ ፊት ሊያቆመው ቆርጦ ቤቱ ደረሰ።

ገላነሽ በር ላይ ቆማ ነበር። መኪናዋ ስትገፋ ባየች ጊዜ ደረቷን መታች። «ቆመች? ምነው እቴ! ዛሬ ጠዋት እኮ ከወትሮው አብልጬ ነው ያፈሰስኩባት።»

«ምኑን?»

«ጠበሉን ነዋ።»

ለገሠ መኪናዋ ላይ ተደገፈ። ገላነሽ እያለቀሰች ነገረችው። ቄስ እንዳይገባ ሲከለክላት ልቧ አላረፈም። ማርያም፣ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን እየሄደች ጠበል ታመጣለች፤ እሱ ሲወጣ በማድ ቤቱ በር ገብታ እሱ ቤንዚን በሚያጠጣት አፍ ትንሽ ትንሽ ታጠጣታለች። «ያቺ ሰው በላ አንተንም እንዳትበላብኝ ብዬ ነው።»

«ዐብዱልገኒስ?»

«አንድ ቀን ደረሰብኝ። ‹እህቴ፣ ይህ ነገር መኪናዋን ያቆማታል፣ ተዪ› አለኝ። ለባሌ አትንገርብኝ ብዬ በአምላኩ ለመንኩት። እሺ አለኝ። ጠበሉን እተዋለሁ አልኩት እንጂ አልቻልኩም። እሱም አውቆ ነው መሰለኝ በየማለዳው እየመጣ ያጠልል ነበር።»

«እኔ ስሰድበውስ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። አንተ እንዲያ ስትጮህ ምን አፍ አለኝ?»

ለገሠ ከተማውን ሁሉ ሲጠረጥር ኖሮ እሷን አንድ ቀን እንኳ አለመጠርጠሩን አሰበና፣ ይህ ፍቅር ይሁን ንቀት ራሱም አላወቀውም። በጣም አፈረ።

በማግስቱ ጠዋት በሸዋ በር ገብቶ፣ ጠባቡን መንገድ ይዞ አቦከር ወረደ። በሩን የከፈተችው የዐብዱልገኒ ሚስት ሐዲያ ናት፤ አየችውና ሰላምታውን ሳትመልስ ገባ በል አለችው። ዐብዱልገኒ የአባይነህን ዳዊት ጭኑ ላይ አድርጎ እየሰፋ ነበር። ለገሠ ሳይቀመጥ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ዐብዱልገኒ ክንዱን ያዘው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ለገሠ።

«አማና ብላ ሰጠችኝ። አማና አደራ ነው፤ አይበላም።»

«እኔ እንዲያ ስሰድብህም?»

ዐብዱልገኒ መርፌውን ዳዊቱ ላይ ሰካ። «ስትሰድበኝ ጠበቅኩህ። ዝም ስል ‹ምን አግኝቶት ነው?› ትላለህ ብዬ ጠበቅኩ። ሰባት ወር አብረን ሠርተናል። አንተ ግን ለማን ሸጥከኝ አልከኝ።»

ለገሠ አለቀሰ። በዚያ ቤት ማልቀስ አያስነቅፍም፤ ሐዲያ እንኳ ፊቷን ፈታች። ዐብዱልገኒ ዳዊቱን ከጭኑ አነሣና «አውፍ ብዬሃለሁ፣ ይቅር» አለ። «ሥራውንም እወደዋለሁ፣ እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ አንተ በሌለህበት መኪናዋ አጠገብ አልቆምም።»

«ይሁን፣ እንዳልክ» አለ ለገሠ። ሲሰማው ቀላል ነገር መስሎት ነበር።

ዐብዱልገኒ እንደ ቃሉ መጣ። ለከርሞው ውድድር ያረጀውን ቆዳ እየቀየሩ፣ እየሳቁም ጭምር፣ እንደ ድሮው ሠሩ። ለገሠ መፍቻ ሊያመጣ ወደ ቤት ሲገባ ግን ዐብዱልገኒ የያዘውን ያስቀምጣል፣ ተነሥቶ ከጋጣው ይወጣል፣ ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ ይቆማል። ለገሠ ሲመለስ ተከትሎት ይገባል። ዝናብ ቢሆንም እንደዚያው ነው። አንድ ቀን ለገሠ አልቻለም፤ ሆን ብሎ «እኔ ገበያ ደርሼ ልምጣ፣ አንተ ሥራህን ቀጥል። ዐብዱልገኒ፣ አምንሃለሁ እኮ» አለው።

«አውቃለሁ» አለ ዐብዱልገኒ። ቢላዋውን አስቀመጠ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ተከትሎት ወጣ። ለገሠ ከገበያ ሲመለስ ግቢው ውስጥ ቆሞ አገኘው።