ዳገቱ ላይ የወረደችው እናቴ

የሰፈራችን ባጃጅ ሦስት ሰው ካልሞላ ንቅንቅ አትልም። ያን ጠዋት እኔና እናቴ ከኋላ ተቀምጠን ሦስተኛ ሰው ስንጠብቅ፣ ከዘራውን ይዞ ብቅ ያለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አጎቴ! የሟች አባቴ ታላቅ ወንድም፣ የአንድ ግቢ ጎረቤታችን፣ አባቴ የሠራውን ቤት «የኔ ነው» ብሎ ሊነጥቀን የተነሳው ሰውዬ። እናቴ ልደታ ፍርድ ቤት ከሳዋለች፤ ቀጠሮው የዚያኑ ጠዋት ነበር። በሰዓቱ ካልቀረበች ክሱ ይዘጋል፣ ቤቱም የሱ ሆኖ ይቀራል።

«ደህና አደርሽ?» ብሎ አጠገቧ ዘፍ አለ። እናቴ ደግሞ ጠጋ አለችለት! «እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት አደሩ?» ደሜ ፈላ።

ሕንድ አገር ባጃጅ ቤተዘመድ ሙሉ አጭቃ ስትበር በስልኬ አይቻለሁ። የኛዋ ጉድ ግን ለሦስት ሰው ታቃስታለች። ዝናብ ባራሰው ኮብልስቶን ላይ፣ ዳገቱ ወገብ ስትደርስ ቀጥ አለች።

«ሁለት ሰው ይውረድልኝ፣ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ» አለ ሹፌሩ። የተለመደ ነው፤ የወረደው በእግሩ ይወጣል፣ ባጃጇ ጫፉ ላይ ጠብቃ እስከ አስፋልቱ ያለውን ረጅም መንገድ ትወስደዋለች።

እኔ ዘልዬ ወረድኩ። «አንተም ውረድ!» ልለው አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ጋሼ ይቀመጡ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። እኔ እወርዳለሁ።»

«እማዬ፣ ጉልበትሽስ?»

«ዝም በይ፣ ነውር ነው!»

አጎቴ ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ፊት ለፊቱን ያያል።

ክንዷን ይዤ፣ እየቆመች ጉልበቷን እያሸች ዳገቱን ወጣን። ባጃጅ የለም። ጥግ የተቀመጠች ቆሎ ሻጭ፣ «ሽማግሌው ‹አይመጡም፣ ንዳው› አሉት» አለችን። እናቴ አላመነቻትም። «ዝናቡን ተጠልለው ይሆናል» እያለች ግራ ቀኙን ፈለገቻቸው። ኧረ ምን ዓይነት ሴት ናት!

እስከ አስፋልቱ በእግራችን ተጉዘን ፍርድ ቤት ስንደርስ ስሟ ተጠርቶ አልፏል። ከሳሽ ስላልቀረበች መዝገቡ ተዘግቷል አሉን። ተከሳሽማ በሰዓቱ ተገኝቷል፣ ማን ይከልክለው! ይከፈትልኝ ብትል ምክንያትሽ ምንድን ነው ይሏታል። ዳገት ላይ ለተከሳሹ ቦታ ለቀቅኩለት ልትል ነው? አላለቀሰችም። ነጠላዋን ደጋግማ አጣፋች።

ስንመለስ ያቺው ባጃጅ አስፋልቱ ዳር ቆማለች። አጎቴ ብቻውን ተቀምጦ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል። ሲያየን ጠጋ አለ።

«ነይ ግቢ» አላት። «አሁን ቁልቁለት ነው፣ ማንም አይወርድም።»

እኔ ፊቴን አዙሬ በእግሬ መንገድ ጀመርኩ። እናቴ ግን ጉልበቷ አልቆ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላ ስትገባ ከኋላዬ ሰማኋት።