የላይኛውና የታችኛው ፕላኔት

ሸዋ ሮቢት ላይ ጌም ቤት ስከፍት ሰው ለጌም የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ለጥላ ነው የሚመጣው። ቆርቆሮ በሚግልበት ሰዓት ቬንትሌተርና አግዳሚ ወንበር ያለው ቤት ምንም ይሁን ምን ሰው ይገባበታል። ገብቶ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ ያሳፍረዋል፤ ለስላሳ ያዛል። የኔ ንግድ የቆመው በዚያ ሀፍረት ላይ ነው።

በኳስ ጌም ጀመርኩ። ኳስ ራሱን ይሸጣል። ሁለት ሰው ይጋጠማል፣ የተሸነፈው ይናደዳል፣ የተናደደ ሰው ደግሞ ይደግማል። እንዲህ እያለ ደህና ሄደ። ከዚያ መናኸሪያው ፊት ለፊት ግድግዳ የሚያክል ስክሪን ያለው ሌላ ጌም ቤት ተከፈተና ኳሶቼ በሙሉ ወደዚያ ተንከባለሉ። እኔ ጋ የቀረው የጠፈሩ ጌም ብቻ ነበር።

እሱንም መርጬ አልገዛሁትም። አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ስገዛ ውስጡ ተቀምጦ ነው የመጣው። የአንድ ሕዝብ መሪ ትሆናለህ፤ መርከብ ትሠራለህ፣ ፕላኔት ትይዛለህ፣ ትዋጋለህ። ዘመቻው ሰባት ምዕራፍ አለው። አንዱን ሳትጨርስ ቀጣዩ አይከፈትም፤ ምዕራፍ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ከምዕራፉ መጀመሪያ ነው። እኔ እንደ ነጋዴ ሳየው ፈራሁት። መጨረሻ ያለው ጌም እንደ ሐብሐብ ነው፤ አንዴ ከተበላ ልጣጩን ማን ይገዛሃል?

የሚጫወተው አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበር። እኩለ ቀን ላይ ተሳፋሪ ሲጠፋ ባጃጁን ደጄ ላይ አቁሞ ይገባል። መጀመሪያ ብቻውን ነበር። ሰው ከኋላው መሰብሰብ የጀመረው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ነው። እዚያ ምዕራፍ ላይ ፕላኔቶቹ በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ነዳጅ ከላይኛው ፕላኔት ይነሳና ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። ላይኛውን የያዝከው አንተ ነህ። ትለቅላቸዋለህ ወይስ ትዘጋባቸዋለህ?

ለኛ ሰው ይሄ የጠፈር ጥያቄ አይደለም፤ የበጋ ጥያቄ ነው። ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ ሁሉ ማሳው ወይ ውሃው ከሚነሳበት ከቦዩ ራስ ነው ወይ ውሃው ከሚያልቅበት ከቦዩ ጅራት። የራሶቹ «ዝጋው! ያንተ አይደለም እንዴ?» አሉ። የጅራቶቹ «እግዜርን አትፈራም?» ብለው ጮኹ። የባጃጁ ሹፌር የአባቱ ማሳ ውሃው ከወንዝ ከሚጠለፍበት አጠገብ ነው። ዘጋው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበሮቼ ሞሉ፤ የጅራቶቹ ቅጣቱን ሊያዩ፣ የራሶቹ ደግሞ ድሉን ሊያዩ ይመጡ ነበር።

አከራዬ ሀጂ ናቸው። እድሜያቸውን በሙሉ የውሃ አባት ሆነው ተራ ያከፋፈሉ ሰው ናቸው፤ ማን በየትኛው ቀን ውሃ እንደሚወስድ እሳቸው ይቆርጣሉ፣ የተጣላ ይዳኛሉ። ኪራይ አላጓደልኩባቸውም። ግን አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ቤቱን ለመጋዘን ይፈልገው ነበርና አንድ ቀን ጠርተው ነገሩኝ።

«ስማ፣ ቤቱ ሰው ካለበት ያንተ ነው። ባዶ ሆኖ ካየሁት ግን ሽንኩርት አስገባበታለሁ። ሽንኩርት ቢያንስ አይጮህም።»

ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ምዕራፍ ስታልቅ የቀሩትን በጣቴ እቆጥራለሁ። ሰው የሚመጣው መጨረሻውን ለማየት ነው፤ መጨረሻው ከታየ ምን ሊያደርግ ይመጣል? አምስተኛው አለቀ። ስድስተኛው አለቀ። አንድ ቀን አላስቻለኝም፣

«ዛሬ ተሳፋሪ የለም እንዴ? ወደ ካራቆሬ ገበያ የሚሄድ ሰው መናኸሪያውን ሞልቶታል ሲሉ ሰማሁ» አልኩት።

«ምነው፣ ደንበኛ ማባረር ጀመርክ?» አለኝ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ሰባተኛውን በጀመረበት ቀን ሙቀቱ ለውሻም አይመችም። መብራቱ ሄድ መጣ ይላል። ያኔ ነው ሀጂ ከሽንኩርት ነጋዴው ጋር የገቡት። ነጋዴው ሰላም ሳይለኝ ሜትሩን አውጥቶ ግድግዳዬን መለካት ጀመረ። በሽተኛው ሳይሞት የሬሳ ሳጥን እንደሚለካ ሰው። ሀጂ አንድ ሰው ተነስቶላቸው ተቀመጡ።

ስክሪኑ ላይ ጠላት ከፊት ይጠበቅ ነበር። የመጣው ግን ከታች ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነዳጅ የተዘጋባቸው እነዚያ ፕላኔቶች ከሌላ ሕዝብ መርከብ ተውሰው መጡ። የጅራቶቹ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ይኸው! ይኸው መጡልህ!»

ሹፌሩ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። ከመርከቦቹ ግማሹ ወደመ። መብራቱ ደብዘዝ አለና ተመለሰ። እኔ የማንን ወገን እንደምይዝ አላውቅም። ቢሸነፍ ምዕራፉን ይደግማል፣ ጥቂት ቀን አተርፋለሁ። ግን ሁለት ወር ያየሁት ልጅ ነው፤ መርከቡ ሲመታ እኔም አብሬ እጮሃለሁ።

አሸነፈ። አንዲት መርከብ ብቻ ቀርታለት አሸነፈ። የማይነበብ ጽሑፍ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፣ ሙዚቃ መጣ። ሰዉ ትንሽ አጨበጨበና ከሙቀቱ ያወለቀውን ጫማ መፈለግ ጀመረ። የፈራሁት ይሄን ነበር።

ነጋዴው ሜትሩን ጠቀለለ። «ጨረሱ አይደል ሀጂ?»

ሀጂ ግን ስክሪኑን እያዩ ነው። «እነዚያ ከታች የመጡት ምን ሆነው ነው?»

«ነዳጅ ዘግቼባቸው ነበር ሀጂ» አለ ሹፌሩ።

«ማን ፈረደልህ?»

«ማንም። ላይኛው የኔ ነዋ።»

«ወላሂ የአባትህ ልጅ ነህ! እሱም ሌሊት ቦይ ሲሰብር ይዤዋለሁ።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ የራሶቹም ሳቁ። «በበጋ ውሃ ከጅራት ነው የሚጀምረው። ላይኛው ምን ጊዜም አያጣም። ከላይ ከጀመርክ ታችኛው ተራው ሳይደርስ ይደርቅና ዶማ ይዞ ይመጣብሃል። ይኸው መጣብህ። በል መልሰህ ጀምር።»

«ሰባቱንም?»

«ሰባቱንም!»

«ሀጂ፣ የቤቱ ነገር…» አለ ነጋዴው።

«ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ እነዚህ የታችኞቹ ይጠጡ።»

የወጣ ሰው ከደጅ ተመለሰ። እኔ ብዙም ደስ አላለኝም፤ የታወቀ ታሪክ ስንት ቀን ያስኬዳል ብዬ ነው። ሹፌሩ ግን እንደ አዲስ ሲጀምር ካርታው ሌላ ሆነ። ፕላኔቶቹ ቦታ ቀይረዋል፣ ጠላት በሌላ በኩል ይመጣል፣ የመጀመሪያው ጊዜ ያልታየ ሕዝብ ብቅ አለ። ዕቃውን በየማለዳው አዟዙሮ የሚደረድር ባለሱቅ አየሁበት፤ ያው ሸቀጥ ነው፣ ደንበኛው ግን አዲስ ይመስለዋል።

ሀጂ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ በየቀኑ መምጣት ጀመሩ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ በትእዛዛቸው ነዳጁ ከጅራት ጀምሮ ተለቀቀ። የታችኞቹ ጠጡ። እኛ አገር ከጅራት የጠጣ ሰው ሲጠግብ ይዘጋል፤ ካልዘጋ የውሃ አባት አለ። ጠፈር ላይ የጠገበ አይዘጋም። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ጠላት ሲመጣ ላይኛው ፕላኔት ደርቆ ነበር፤ መርከቦቹ ከመሬት አልተነሱም። ተሸነፍን።

 ሁሉም ሀጂን ያያል። እኔ ከሁሉም አብልጬ አያለሁ። ሽማግሌ በሰው ፊት ካፈረ ያፈረበትን ቤት አይወድም፤ ነጋዴው ደግሞ በር ላይ ቆሟል፣ ሽንኩርቱ ከማሳ ወጥቶ መኪና ላይ ተጭኗል።

ሀጂ በበትራቸው ስክሪኑን አመለከቱ። «ፍርዱ ልክ ነው» አሉ። «ዳኛ የለበትም እንጂ። የጠገበውን ዝጋ የሚል ሰው የለም?»

«አለ» አለ ሹፌሩ ቀስ ብሎ። «ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ጌሙ ጣቢያ ሥራ ሲለኝ መርከብ ይሻለኛል ብዬ አልፌዋለሁ። እሱን ያልሠራ በኋላ የነዳጅ መቆጣጠሪያ አያገኝም።»

«ሳትነግረኝ!»

«አልጠየቁኝም ሀጂ።»

«እና አሁን ይሠራ!»

«አሁን አይቻልም። ከመጀመሪያው ነው።»

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሀጂ፣ መኪናው ፀሐይ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ይበላሽብኛል። ቁርጡን ይንገሩኝ።»

ሀጂ ዞር ብለው አዩት፤ ከዚያ ቤቱን፣ ከዚያ እኔን። እኔ ያላየሁ መስዬ ጠርሙስ እሰበስባለሁ።

«ልጄ» አሉት፣ «ሌላ ቤት ፈልግ። እዚህ ገና ያልተቆረጠ ጉዳይ ይዘናል።»

ነጋዴው ወጣ። ሹፌሩ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ካርታው ደግሞ ሌላ ሆነ። ጣቢያው የት ይሠራ በሚለው ላይ የራሶቹ «ከላይ!» የጅራቶቹ «ከታች!» እያሉ መጯጯህ ሲጀምሩ፣ ሀጂ በበትራቸው መሬቱን መትተው ሁሉንም ዝም አሰኙና በተራ እንዲናገሩ አዘዙ።