ሐይቁ የሸሸባቸው ዓመታት

ጂንካ ላይ ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ ያጉረመርም ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሐል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ስለነበር፣ ዝናብ በደንብ ከመታው ጎማ ይይዛል፤ አውሮፕላኑም ከላይ ዞር ዞር ብሎ ሳያርፍ ይመለሳል። መድኃኒት ይዘገያል፣ ጋዜጣ ይቀራል፣ ወደ አርባ ምንጭ ሊሄድ ሻንጣውን ያሰረ ሰው መልሶ ይፈታል። በዚህ ሁሉ ማጉረምረም መሐል ዝናቡን በደስታ የሚቀበል አንድ ሰው ነበር። የሚገርመው ደግሞ መድኃኒቱን ከማንም በላይ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ መርፌ የሚወጋው፣ ቁስል የሚያሽገው የጤና ጣቢያው ድሬሰር።

የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። አከራያችን የአገሩ ተወላጅ፣ የአሪ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ ጸሎት ቤታቸው በደርግ ስለታሸገባቸው እሑድ እሑድ በጓዳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚዘምሩ ጠንካራ ሴት። አንዱን ክፍል ለእሱ፣ አንዱን ለእኔ አከራይተውናል። እኔ በጂኦግራፊ አስተማሪነት ከተመደብኩ ገና ብዙ አልቆየሁም። ድሬሰሩ የዳሰነች ብሔረሰብ ልጅ ነው። ኦሞ ወንዝ ከቱርካና ሐይቅ ጋር በሚገናኝበት አገር ተወልዶ፣ ለትምህርት ወደ ላይ መጥቶ፣ ሥራ ይዞ ጂንካ የቀረ ሰው ነው። ጠብታው ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ መዳፉን ይዘረጋል።

“ይኸው፣ እናቴ እየመጣች ነው” ይላል።

“በዚህ ጭቃ?” ይሉታል አከራያችን ከጓዳ። “እናትህ እንዳንተ ሞኝ ናት እንዴ?”

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው ነገሩን የነገረኝ። ቤተሰቡ የሚኖረው በሐይቁ ሰሜናዊ ዳር ነበር፤ በድሮ ካርታ ሩዶልፍ፣ በኋላ ቱርካና በተባለው ሐይቅ። ከፊሉ ከብት ያረባል፣ ከፊሉ ዓሣ ያጠምዳል። እሱ ጂንካ እየተማረ ሳለ ውሃው መሸሽ ጀመረ። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላማ ጨርሶ ራቀ። ውሃው ለቆት በሄደው እርጥብ መሬት ላይ ለምለም ሣር ስለሚበቅል ታላቅ ወንድሙ ከብቱን እየነዳ ዳሩን ተከተለ፤ እናቱም አብራ ሄደች። ዓመት በዓመት ትንሽ ትንሽ እያሉ ወደ ደቡብ ወረዱ፣ በመጨረሻም ከኬንያ ወሰን ማዶ ሆኑ። እነሱ ወሰን መሻገራቸውን ልብ ያሉትም አይመስለኝም። የመንግሥት ሠራተኛ ግን በዚያ ዘመን ያለ ፈቃድ ወሰን ከተሻገረ ኮበለለ ይባላል፤ ፈቃዱን ለመጠየቅ እንኳ የሚደፍር አልነበረም። ስለዚህ እናቱን ካያት ዓመታት ተቆጥረዋል።

“ውሃው ሲመለስ ትመለሳለች” አለኝ። “ስለዚህ ዝናብ ሲዘንብ ደስ ይለኛል። ምኑ ያስቃል?”

እኔ ማስረዳት ስለምወድ ዝም ማለት አልቻልኩም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ እንደወጣን፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩ። ውሃ ሞላሁበትና የውሃውን ልክ በከሰል ምልክት አደረግሁ።

“ይህ ሐይቅህ ነው” አልኩት። “ጣና ሲሞላ ትርፉን ለአባይ ይሰጣል። ያንተ ሐይቅ ግን እንደዚህ ሳፋ ነው፣ መውጫ የለውም። የገባው ውሃ የሚወጣው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ እያተነኑት። ወንዙ የሚያመጣው ፀሐይ ከምትወስደው ከበለጠ ከፍ ይላል፣ ካነሰ ዝቅ ይላል። በየዓመቱም እንዲሁ ነው፤ ደራሽ ውሃ ሲገባ እስከ ኅዳር ታኅሣሥ ድረስ ይሞላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይጎድላል። የጎደለበት ዓመት በጎደለበት ዓመት ላይ ሲደራረብ ነው ሰው ሸሸ የሚለው።”

“ዶሮዎቹንም ጨምርበት” አሉ አከራያችን። እውነትም ሁለት ዶሮዎች ከሳፋው ይጠጡ ነበር። “ዝናብ የእግዚአብሔር ነው፣ መምህር። እናንተ ደግሞ በሳፋ ትለኩታላችሁ።”

“እማማ፣ እየለካሁ ሳይሆን እያስረዳሁ ነው።”

“እሱንማ ስትተኛም ታስረዳለህ፤ በግድግዳ ይሰማል።”

ድሬሰሩ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ውሃው ከከሰሉ ምልክት ጥቂት ዝቅ ማለቱን አየ። “ሐይቁም እንዲህ ትንሽ ብቻ ቀንሶ ከሆነ እናቴ ለምን ይህን ያህል ራቀች?” አለ።

ጥያቄው ጥሩ ስለነበር ደስ አለኝ። ከአከራያችን ትልቁን ትሪ ተዋስኩና በአንድ ጎኑ ድንጋይ አስደግፌ ዘንበል አደረግሁት፤ ውሃም በስሱ አፈሰስኩበት። ከጥልቁ በኩል በጣሳ ጥቂት ብቀዳ የጎደለው ለዓይን አይሞላም። በስሱ በኩል ግን የውሃው ጠርዝ ስንዝር ያህል ሸሸ። “የእናንተ በኩል ይህ ነው” አልኩት። “ወንዙ ለዘመናት ያመጣው ደለል አገሩን ሜዳ አድርጎታል። ውሃው በቁመት ጥቂት ሲወርድ ዳሩ በእግር ብዙ ይርቃል። ሲመለስም እንዲሁ ነው፤ ጥቂት ሲጨምር ብዙ መሬት ይሸፍናል።”

ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። “ስለዚህ ሩቅ አይደለችም!” አለ። “ጥቂት ውሃ ነው የሚያስፈልገኝ።”

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግን አንድ ስሕተት ቀርቶ ነበር። ጂንካ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በኔሪ ወንዝ፣ ኋላም በማጎ በኩል ኦሞ ይደርሳል፤ ለሐይቁ ግን ጉንጭ የምትሞላ ውሃ ናት። ሐይቁን የሚሞላው ከላይ፣ ከሩቁ ደጋ፣ በክረምት የሚወርደው ነው። ይህን ስነግረው መዳፉን አየ፣ ያ ሁሉ ጊዜ በከንቱ የተዘረጋ ይመስል።

“እኛ አገር ወንዙ የሚሞላው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ነው” አለ። “ደመና የለም፣ ውሃው ግን ይመጣል። መጥቶ ሲመለስ በጭቃው ላይ ማሽላ እንዘራለን። የማን ዝናብ ነው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።”

“የእኛ ነው” አልኩት።

የተወለድኩት ጊቤ አጠገብ ነው። ጊቤ ወደ ታች ሲወርድ ኦሞ ይባላል። ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ጀርባ በቦዩ የሚወርደው ጎርፍ የት እንደሚደርስ የነገረኝ አልነበረም። ይህን ስነግረው ድሬሰሩ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ፣ ከዚያ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

“ታዲያ እናቴን የወሰዳት የእናንተ ዝናብ ነዋ!”

“የእኛ ያልዘነበው ዝናብ ነው የወሰዳት።”

“እንግዲያው በክረምት ስትሄድ ንገረው፤ ይዝነብ በለው።”

ከዚያ ወዲህ ለክረምት ዕረፍት ወደ አገሬ በሄድኩ ቁጥር አደራ ተሸክሜ እሄድ ነበር። መንገዱ ረጅም ነው። በቀይ አፈር፣ በኮንሶ፣ በአርባ ምንጭ አድርጎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጭነት መኪና ላይ ሰውነት ይላላል። ቤት እንደደረስኩ ግን በሕይወቴ ሙሉ ያማረርኩትን ዝናብ እንደ ዘመድ ድምፅ መስማት ጀመርኩ። ጠዋት ተነሥቼ ቦዩን አያለሁ። ከሰዓት በኋላ ዶፉን ሲያወርደው ደስ እያለኝ መስኮት አጠገብ እቀመጣለሁ።

“ምን ሆነሃል?” አለችኝ እናቴ። “በቆሎው ተኝቶ፣ እንጨቱ ርሶ፣ አንተ ትስቃለህ?”

አንድ ቤተሰብ ሐይቁን ተከትሎ ስለመሄዱ፣ አንድ ልጁም ጂንካ ስለመቅረቱ ነገርኳት። እሳቱን እፍ እያለች አዳመጠችኝ። “እናቲቱን ልጇ ይናፍቃት ይሆናል” አለች።

የመጀመሪያው ክረምት እንደ ነገሩ ነበር። ተከታዩ ግን የጊቤን ድልድይ የሚያስፈራ ጎርፍ የወረደበት፣ ሽማግሌዎች እንኳ እንዲህ ያለ አላየንም ያሉት ክረምት ሆነ። መስከረም ላይ ጂንካ ስመለስ ሻንጣዬን ሳላወርድ ነው ድሬሰሩ ስለ ዝናቡ የጠየቀኝ። ነገርኩት። ይዞኝ ተሽከረከረ። በኦሞ ዳር ካለችው ከኦሞራቴ የሚመጡ ሹፌሮችም ወንዙ ከአፉ ሞልቶ መውጣቱን፣ ሐይቁም መጠጋቱን አወሩ። እኔ አሁንም ሳፋውን አስታወስኩት። ብዙ ዓመት የጎደለ በአንድ ዓመት አይሞላም፣ ፀሐይዋም ሥራዋን አታቆምም አልኩት።

“አንተ አስተማሪ ነህ” አለኝ። “ትንሽ ደስ ልበለኝ።”

ጥር ላይ ዕድል መጣ። ጤና ጣቢያው ለክትባት ወደ ኦሞራቴና ከዚያ በታች ላሉ መንደሮች ላንድሮቨር ላከ፤ እሱ ተመደበ። ትምህርት ቤት ለዕረፍት ተዘግቶ ስለነበር ለምኜ አብሬ ተሳፈርኩ። ሐይቁን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሺህ ጊዜ ስዬው በዓይኔ አላየሁትም ነበር። እሱ አስቀድሞ በነጋዴዎች በኩል ለእናቱ ቃል ልኳል፤ በወሰኑ በዚህ በኩል ካለው የመጨረሻ መንደር ድረስ እንድትመጣ።

ኦሞራቴን አልፈን በሜዳው ላይ ወደ ታች ስንነዳ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ አገሩን ያሳየኝ ጀመር። “እዚህ ጋ ታንኳ እናስር ነበር። እዚህ አዞ የአጎቴን ውሻ ወሰደ። ነፋስ ከደቡብ ሲነሣ ውሃው ጎጆው ድረስ ይመጣል፤ ስንነቃ መኝታችን ርሷል።” እኔ የማየው ሣር፣ ከዚያም ሣር ነበር። በሣሩ መሐል የነጣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተበትኗል። ከሩቅ ብቻ፣ ሰማዩ ከመሬት በሚገናኝበት፣ አንድ ስስ ነጭ መስመር ይታያል።

“ያ ነው?” አልኩት።

“ያ ነው። ወደ እኛ መጥቷል፤ ግን አልደረሰም።”

እናቱ ግራር ሥር ተቀምጣ ጠበቀችን። ቀጭን ናት፤ ቆዳ ለብሳ፣ አንገቷ በጨሌ ተሞልቶ። ሲያያት መኪናው ሳይቆም ወረደ። ከቅሏ ውሃ ተጎንጭታ ግንባሩና ደረቱ ላይ እፍ አለችበት፤ ምርቃት መሆኑ ነው። ከዚያ ሸሚዙን ጎተት እያደረገች፣ ክንዱን ጨበጥ እያደረገች፣ እንደሚሸጥ ወይፈን አገላብጣ አየችው። ቀጥሎ ተቀምጠው ማውራት ጀመሩ። እሱ እየተረጎመ ይነግረኝ ነበር።

“ውሃው እየመጣ ነው፤ ተመለሽ አልኳት። ወዴት አለችኝ። ወደ ቤታችን አልኳት። ቤታችን ከብቱ ያለበት ነው አለች።” ትንሽ ሳቀ። “ጂንካ ነይ አልኳት። ጂንካ ሐይቅ አለ ወይ ትለኛለች።”

ከዚያ እናቲቱ ድምፅዋን ሳታነሣ አንድ ነገር አለችው። እሱ አልተረጎመውም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ነጩ መስመር ማየት ጀመረ። ቋንቋውን የሚያውቀው ሹፌራችን ከጎኔ ቆሞ ነበር።

“ምን አለችው?” አልኩት በቀስታ።

“‘ውሃ ይሄዳል፣ ይመጣል። ሄደህ የቀረኸው አንተ ነህ’ አለችው።”

ያን ሁሉ ዓመት ሐይቁ እናቱን እንደወሰደበት ሲነግረኝ እኔም አምኜ ሳፋና ትሪ አቅርቤ ነበር። ከእሷ በኩል ግን ነገሩ ሌላ ነበር። እሷ ሁልጊዜ ካለችበት ውሃ ዳር ናት። የራቀው ልጇ ነው፤ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ተምሮ፣ በዚያው የቀረው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ እስክትል ተቀመጡ። ከዚያ እናቱ ወደ ነጩ መስመር ሄደች፤ እሱ እስከ አንድ ድንጋይ ድረስ ሸኛት። ድንጋዩ የወሰን ምልክት ነው። እሷ አልፋው ሄደች፣ እሱ እዚያው ቆመ። ሹፌሩ ጥሩምባ ሊነፋ እጁን አንሥቶ ተወው።

ጂንካ እንደተመለስን ወደ ኦሞራቴ ክሊኒክ እንዲያዛውሩት ጠየቀ። በሙቀቱና በትንኙ የተነሣ ማንም ወደማይሄድበት ቦታ የሚለምን ሰው በማግኘታቸው አላስቸገሩትም። ከኦሞራቴ ሐይቁ አይታይም። ግን ከታች የሚመጣ ሰው በየገበያው አለ፤ እናቱም ወደዚያ መንደር ብቅ ስትል በዕለቱ ይሰማል። በጭነት መኪና ሲሄድ አከራያችን እንቁላል ቀቅለው በጨርቅ ቋጠሩለት፤ ስለ ሞኝነቱም ምንም አላሉትም። እኔ በመጨረሻ ሰዓት ላስረዳው የምፈልገው ነገር ነበረኝ፤ ውሃው ዘንድሮ ቢጠጋም ከጥቂት ደረቅ ክረምት በኋላ ሊሸሽ እንደሚችል። አፌን ከመክፈቴ “አውቃለሁ” አለኝ፣ “ሳፋው።” መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ በኋላ ግቢው ጭር አለብኝ። ዝናብ ሲጥል በረንዳው ጫፍ ላይ ማንም አይቆምም። በዚያ ክረምት ወደ አገሬ ስገባ እንደወትሮው ዝናብ ነበር፤ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሷል። እናቴ ከሣጥኑ አዲሱን ብርድ ልብስ፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን፣ አውጥታ መደቡ ላይ አነጠፈችልኝ። የድሮው የእኔ ብርድ ልብስ የት እንደደረሰ ልጠይቃት ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

“መቼ ነው የምትሄደው?” አለችኝ። ጫማዬን ገና አላወለቅሁም ነበር።