አንሶላ ተኳሹ አባት

ሰውየው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ ተኳሽ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት «የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው?» ተብላ «ተኳሽ» ብላ በመመለሷ፣ የክፍሏ ልጆች ሰሞኑን በሩቁ ሲያዩት ይሸሹት ነበር። ባልደረቦቹ ግን «ጭጭ» ነው የሚሉት። አፉን ከፍቶ ካዩት ወይ እየበላ ነው፣ ወይ እያዛጋ።

ሚስቱ የሞተችው ልጅቷ ገና ዳዴ ስትል ነው። ዘመድ አዝማድ አልቅሶ ሲበተን፣ አባትና ልጅ በአንዲት ክፍል ውስጥ ተፋጠው ቀሩ። ማብሰሉን ለመደ። ጸጉር መጎንጎኑንም እንደ ምንም ለመደ። ያቃተው ቁጣው ነው። ልጅቷ ውሃ ስትደፋ፣ ጫማዋን ስትጥል፣ ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ የራሱ ሳይሆን የአባቱ ነበር። አባቱ ደግሞ፣ ልጅ ሆኖ አልጋ ላይ በሸና ቁጥር እርጥቡን አንሶላ አከናንቦ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየው በር ላይ የሚያቆመው ሰው ነበር። ይህን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

አንድ ቀን እየተኮሰ ስልኩ ላይ የኳስ ወሬ ሲፈልግ አንዲት ሴት ስታወራ አገኘ።

«ልጃችሁ ላይ የምትጮኹት ክፉ ስለሆናችሁ አይደለም» ትላለች። «ማንም ያላየላችሁ ቁስል ስላለ ነው። ይድናል።»

ሰውየው ካውያውን አቁሞ ቀረ። እስከዚያ ቀን «ይድናል» ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ወትፎ ሲተኩስ ይውላል። የሴትዮዋን ንግግሮች ጨርሶ ስለ ልጅ ማሳደግ የሚያወሩ ሌሎችም አገኘ፤ አንድ ሹፌር አባት፣ አንዲት ጡረታ የወጣች አዋላጅ። ሲያወሩ በልቡ ይመልስላቸዋል።

«ጭጭ፣ ስንት ለስንት ናቸው?» ይለዋል አጣቢው፣ ጨዋታ የሚከታተል መስሎት።

«ባዶ ለባዶ።»

በእረፍት ቀኑ ቤት ሲጠርግ፣ ከአልጋው ሥር የተጠቀለለ አንሶላ መጥረጊያውን ያዘው። ሳብ ሲያደርገው እርጥብ ነው፤ ይሸታል።

«ይሄ ምንድን ነው?!»

ልጅቷ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። ሰውየው ሴትዮዋ የምትለውን ለማስታወስ ሞከረ፤ አንድም ቃል አልመጣለት አለ። አንሶላውን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እኔም እሸና ነበር» አላት።

«አንተ? ትልቅ ሆነህ?»

«አንቺን አክዬ።»

«አያቴ ምን አለህ?»

ዋሽቶ ማለፍ ይችል ነበር። «አንሶላውን አከናንቦ በር ላይ አቆመኝ።»

ትንሽ አሰበችበትና፣ «ይበርዳል እኮ» አለች።

«በጣም።» እንባው መጣ፤ አልጠረገውም።

«አባዬ፣ ለሰው እንዳትነግርብኝ።»

«ለማን እነግራለሁ ልጄ?» አለ። የሚነግረው ሰው በእውነት እንደሌለው የተሰማው ይህን ከተናገረ በኋላ ነው።

አንሶላውን ሳፋ ውስጥ ከተው፣ እሷ በእግሯ እየረገጠች እሱ እያለቀለቀ አብረው አጠቡት።

«ሆቴል የሚያድሩትስ ይሸናሉ?»

«ከረባት ያሰሩ ትልልቅ ሰዎች!» ሲላት በሳቅ ወደቀች።

ልጅቷ አሁንም አልፎ አልፎ ይከሰትባታል፤ ግን ጠዋት መጥታ በጆሮው ትነግረዋለች። እሱም አሁንም ይጮሃል፤ ልዩነቱ ተመልሶ ይቅርታ መጠየቁ ነው። አንድ የምሳ ሰዓት፣ እንደ ወትሮው ብቻውን ተቀምጦ፣ የሆነውን ሁሉ ከሴትዮዋ ንግግር ሥር ጻፈው። እዚያ የሚጽፈው ሰው ብዛቱ፣ የእሱ ጽሑፍ ወዲያው ከዓይኑ ጠፋበት። ሴትዮዋ አልመለሰችለትም። ከሰነበተ በኋላ አንዲት የማያውቃት እናት «በርታ ወንድሜ፣ እኔም ቤት እንዲሁ ነው» ብላ ጻፈችለት።

ማን ትሁን፣ የት ትኑር አያውቅም። ብዙ ሊነግራት ፈልጎ ሲጽፍ ሲያጠፋ ቆየና፣ በመጨረሻ «እሺ እህቴ» ብሎ ላከላት።