የኮምፕሬሰር ዋጋና የጋሽ ሀብተማርያም ግዝት

ለሊሴ ልትፈታው የተነሣችው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ካምፓላ መሀል ከተማ ያሉት ሦስት የፍሪጅ ኮምፕሬሰር አስመጪዎች ለምን በአንድ ሰሞን፣ በአንድ መጠን ዋጋ ጨመሩ? እሷ ኪሱጉ በሚባለው የካምፓላ ሰፈር የፍሪጅ መለዋወጫ ትሸጣለች። ድሮ ከአንዱ ጋር ስትከራከር ሌላው በር ላይ ቆሞ በአገሩ ቋንቋ እመቤት ለማለት "ኛቦ፣ እኔ ጋ ነይ!" ይላት ነበር። አሁን ሦስቱም አንድ ቃል ሆኑ።

"ዶላር ጨመረ እኮ፣ ኛቦ።"

ለሊሴ ነገር ሳታጣራ እንቅልፍ አይወስዳትም። ዶላር ከሆነማ የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያው፣ ቴርሞስታቱም መወደድ ነበረበት፤ የሚመጣው ከዚያው አገር፣ በዚያው ኮንቴይነር ነው። ብትጠይቅ የድሮው ዋጋ ነው። የፍሪጅ ጋዙም እንደዚያው። ይህ ማስረጃ ባይሆንም ደህና ጥርጣሬ ነበር፤ ጥርጣሬዋን ይዛ ኮሎሎ ሰፈር ጠበቃ ቢሮ ወደምትሠራው ወደ ሃኒ ሄደች።

ሃኒ ነገሩ ካርቴል እንደሚባል ነገረቻት። መሻማት የሚገባቸው ነጋዴዎች ተማክረው ዋጋ ሲቆርጡ ገዢው መሸሻ ያጣል፤ ሕግም ይከለክለዋል። አውሮፓ ውስጥ የኮምፕሬሰር ፋብሪካዎች ራሳቸው እንዲህ ሲመሳጠሩ ተደርሶባቸው ከባድ ቅጣት ከፍለዋል። ከሁሉ የሚደንቀው ሕጉ ሤራውን የሚያፈርስበት ዘዴ ነው፤ ቀድሞ የተናዘዘው ቅጣቱ ይቀርለታል። ስለዚህ እያንዳንዱ "ጓደኛዬ ይቀድመኝ ይሆን?" እያለ ይሰጋል፣ ምስጢሩም ከውስጥ ይፈርሳል።

ለሊሴ አጨበጨበች። "በይ አቤቱታውን ጻፊልኝ!"

"እጽፋለሁ። እናንተ ቸርቻሪዎቹስ ዋጋ እንዴት ነው የምታወጡት?"

"እኛማ ወንድማማቾች ነን" አለች ለሊሴ ኮራ ብላ። "ባለሱቆቹ ታፈሰና ረድዋን አንዱ ከሌላው ዋጋ እየቀነሰ ተጣልተው ሊደባደቡ ሲሉ እድራችን አስታረቃቸው። የእድሩ ሽማግሌ ጋሽ ሀብተማርያም አንድ ዋጋ ቆርጠው፣ ከዚያ በታች የሸጠ የተረገመ ይሁን ብለው ሁላችንንም ገዘቱን።"

ሃኒ ብዕሯን አስቀመጠች። "እትዬ ለሊሴ፣ ይሄ እኮ ካርቴል ነው።"

"እርቅ ነው እንጂ!"

"በሽማግሌ የተመረቀ ካርቴል በይው።"

ለሊሴ ሳቋ መጥቶ መንገድ ላይ ቀረ። አስመጪዎቹን ብትከስ እድሯም አብሮ ይጠየቃል። ዝም ብትል ደግሞ ደንበኞቿ ከውድነቱ የተነሣ ፍሪጅ ማሠራት እየተዉ ነው፤ ሱቋ አይቆምም። በእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ነገሩን አፍረጥርጣ ተናገረች።

"አስታራቂ ሽማግሌ ልታሳስሪ ነው?" ብሎ ጮኸ ታፈሰ። "ካርቴል የሀብታም ነገር ነው። እኛ በየትኛው ሀብታችን?"

ረድዋን ሳቀ። "ግዝቱ ይነሣ እንጂ እኔ ነገውኑ እቀንሳለሁ።"

"ይኸው! የተገዘትነው ለዚህ እኮ ነው!" አለ ታፈሰ።

ለሊሴ በትዕግሥት አስረዳች፤ አብሮ መቅበርና መረዳዳት ሌላ፣ ገዢው ሳያውቅ አብሮ ዋጋ መቁረጥ ሌላ። የሰው ዓይን ግን ጋሽ ሀብተማርያም ላይ ነበር፤ ግዝትን የሚያነሣው የገዘተው ነውና። እሳቸው ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ።

አቤቱታው እስካሁን አልገባም። ለሊሴ መጀመሪያ የራሷን ቤት ማጽዳት ትፈልጋለች፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት በቦዳ፣ ማለትም በሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ ግዝቱን እንዲያነሡ ለመለመን ወደ ጋሽ ሀብተማርያም ምግብ ቤት ትሄዳለች። እሳቸው መለዋወጫ አይነግዱም፤ ለሽምግልና የተመረጡትም ለዚሁ ነው። ዛሬ ፍሪጃቸው አልቀዘቅዝ ባለበት ሰዓት ደረሰች። ጀርባውን ከፍታ አየች፤ ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል።

"ስንት ነው እሱ?" አሉ።

"እርስዎ የቆረጡት ነው፣ ጋሼ።"

"ይህን ያህል?!"

"ከዚያ በታች ብሸጥልዎ እረገማለሁ።"

ጋሽ ሀብተማርያም አፈጠጡባት። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ "ባነሣውስ፣ ታፈሰና ረድዋን ዳግም እንዳይያያዙ ማን ዋስ ይሆነኛል?" አሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ለሊሴ እጇን አበሰች፣ በርጩማ ሳበችና ያለ ግዝትም ሰላም እንዴት እንደሚጠበቅ ማስረዳት ጀመረች።