ለአራስ እህቴ የሠራሁት ሰንጠረዥ

ሰንጠረዥ እወዳለሁ። ልደታ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ በክፍሌ ሰንጠረዥ ያልወጣለት ነገር የለም። የንባብ አለ፣ የጥፍር ንጽሕና አለ፣ ሰሌዳ የሚያጠፉ ተረኞች ሰንጠረዥም አለ። ልጆቹ ስማቸው ፊት ኮከብ ሲለጠፍላቸው አንገታቸው ይረዝማል። ታላቅ እህቴ ከወለደች በኋላ ደህና እንዳልሆነች የገባኝ ቀንም እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደ ማስመሪያው ነበር።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እህቴ፣ ባለቤቷና እኔ። ባለቤቷ ሹፌር ስለሆነ ሥራው ክፍለ ሀገር ያመላልሰዋል። እሷ ሰንጋ ተራ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ማግሥት እናታችን ከጌጃ ሰፈር ጓዟን ጠቅልላ መጣች። የተወለደችው ሴት ስለሆነች ክርስትናው በሰማንያ ቀን ነው፤ በእናቴ ሕግ እስከዚያ ድረስ አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ብቻዋንም ከቤት አትወጣም። ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባት ትራሷ ሥር ቢላዋ ገባ። ጠዋት ገንፎ፣ ቀን አጥሚት፣ ማታ ሾርባ። ከእንክብካቤው አንድም የጎደለ ነገር አልነበረም። ይህን በቅድሚያ የማስረዳው፣ የሆነው ነገር ሁሉ የሆነው ሰው በሞላበት ቤት ውስጥ መሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የፈረቃችን ውኃ መጣ። እህቴ ጀሪካን ልሙላ ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች። ቆየች። በሩን ገፋ ሳደርገው ጀሪካኑ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፤ ውኃው እግሯን አርሶታል፤ እሷ ቆማ ታየዋለች። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ድምፅ ግን የላትም።

«ሞልቷል እኮ» አልኳት።

«አየሁት» አለች። ቧንቧውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ አንዲት ነርስ ትምህርት ቤታችን መጥታ ለሴት መምህራን ግማሽ ቀን ስለ ወሊድ አስተምራን ነበር። በማስታወሻዬ በሁለት ቀለም ጽፌዋለሁ። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ በብዙዎች ላይ ይደርሳል፣ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ ያልፋል። ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን፣ ሕፃኑ ተኝቶም እናቲቱ እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ የሚያስደስታት ነገር ከጠፋ፣ በራሷ ወይም በልጇ ላይ ክፉ ሐሳብ ከመጣባት፣ ሕክምና መሄድ አለባት። መታከምም ይቻላል። ነርሷ ይህን ካለች በኋላ፣ «ከሁሉ በፊት ግን እናቲቱ ራሷን መከታተል ትልመድ» ብላ ነበር። ይህን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ፤ አሁን ሳስበው ግን «ራሷን» የሚለውን ዘልዬዋለሁ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ፍሊፕ ቻርት ወረቀት ዘረጋሁ። ወደ ታች እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ደስታ፣ ለቅሶ፣ ፍርሃት። ወደ ጎን ከሰኞ እስከ እሑድ። ለእያንዳንዱ ከአሥር ነጥብ። ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩትና በማማሰያ እየጠቆምኩ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳሁ።

እህቴ ልጇን እያጠባች ታዳምጥ ነበር። «ፈተናው መቼ ነው ቲቸር?» አለችኝ።

«ቀልድ አይደለም።»

«እሺ። ከወደቅኩ ክፍል እደግማለሁ ማለት ነው?»

እናቴ ከምድጃው ዞር ብላ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። «አራስ ቤት ውስጥ ለቅሶ ብሎ መጻፍ ምን የሚሉት ሟርት ነው? በይ እሱን አጥፊልኝ።»

«እማዬ፣ ዜሮ እንዲሆን ነው እኮ የተጻፈው።»

«ዜሮ የሚሆን ከሆነ ለምን ይጻፋል?»

ሰንጠረዡ ግን እዚያው ቀረ። ውጤቱም አስደሰተኝ። እንቅልፍ ዘጠኝ፣ ምግብ አሥር፣ ደስታ ዘጠኝ፣ ለቅሶ ዜሮ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ፍሪጁን ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ለክፍሌ ከገዛሁት ላይ የወርቅ ኮከቦች አምጥቼ መለጠፍ ጀመርኩ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉ የሚመጡ ጎረቤቶችም ገንፏቸውን እየበሉ ያነቡታል። ከሦስተኛ ፎቅ የምትመጣው ጎረቤታችን አንድ ቀን ጮክ ብላ፣ «ለቅሶ ዜሮ! አንቺ ጀግና ነሽ! እኔ የመጀመሪያዬን ስወልድ ጎርፍ ነበርኩ» አለች። እህቴ ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩ፣ ከእሷ በላይ።

ረቡዕ ዕለት ነው ያየሁት። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ተሞልተዋል። እንቅልፍ ዘጠኝ፣ ምግብ አሥር፣ ደስታ ዘጠኝ፣ ለቅሶ ዜሮ። እሑድ ገና አራት ቀን ይቀረዋል።

እናቴ ለገበያ ወርዳ ነበር፤ እህቴን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ልጅቷ አጠገቧ ተኝታለች።

«የእሑዱንም ሞልተሽዋል» አልኳት።

«ሁሌም አንድ ስለሆነ ነው። እንግዳ ሳይመጣ ልጨርሰው ብዬ።»

«እውነተኛው ስንት ነው?»

የልጅቷን ብርድ ልብስ ሳብ አደረገችላት። ቀጥላ፣ «ሰው ገንፎ እየበላ በሚያነበው ወረቀት ላይ ምን ልጻፍ?» አለችኝ። «እማዬ አጥሚቱን ይዛ ፊቴ ቆማ ምግብ ሁለት ብዬ ልጻፍ? አንቺስ? በር ከፍተሽ ሳትገቢ ዐይንሽ ፍሪጁ ላይ ነው። ዝቅ ያለ ቁጥር ጽፌ ፊትሽ ሲለወጥ ማየት አቃተኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ክፍሌ ውስጥም አይቻለሁ። ጥርሱን ያልቦረሸ ልጅ ቦርሻለሁ ብሎ ኮከቡን ይወስዳል። በእህቴ ላይ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም፤ በሠላሳ አራት ዓመቷ ለእኔ ኮከብ ስትል ትዋሻለች ብሎ ማን ያስባል?

«ለእኔ አትንገሪኝ» አልኳት። «ለራስሽ ግን ታውቂዋለሽ?»

ልጅቷን አየቻት። «የሌላ ሰው ልጅ አደራ የተቀበልኩ ነው የሚመስለኝ። ስትተኛ ትተነፍስ እንደሆነ ሳዳምጥ ይነጋል። ከእኔ የተሻለ እናት ይገባት ነበር እላለሁ።» ይህን የምትናገረው መዝገብ ቤት ስለ ጠፋ ፋይል እንደምታወራ በተስተካከለ ድምፅ ነበር፤ ያስፈራኝም ድምፁ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ካለፈ ቆይቷል። ነርሷ ያስተማረችን በዝርዝር የነበረኝ እኔ ነኝ፤ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ በኮከብ ሸፍኜዋለሁ።

«ነገ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አልኳት።

«ሄጄ ምን ልላቸው? ተመስገን ነው የምለው። ከአፌ ሌላ አይወጣም። የክትባቷ ቀን ሲደርስ እንሄዳለን። እስከዚያ ምን እንደምል ልወቅ» አለች።

እስከ ክትባቱ ሁለት ሳምንት አይሞላም። እምቢ ልላት ፈለግኩ። አንድ ነገር ብቻ አስማልኳት፤ ራሷን ወይም ልጅቷን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ያንኑ ሰዓት ትነግረኛለች፣ በክፍል ሰዓትም ቢሆን ትደውልልኛለች። በልጇ ማለችልኝ። ባለቤቷም ያለበት ከተማ ሆኖ ጠዋትና ማታ እንዲደውልላት ነገርኩት። ሰንጠረዡን ከፍሪጁ ላይ አነሳሁት። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ባዶውን ቦታ አይታ፣ «እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ።

ለእህቴ ለተማሪዎቼ የምገዛውን ዓይነት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ሰጠኋት። ጥያቄዎቹን እኔ ልጻፍልሽ ብዬ እስክሪብቶ ሳነሳ ከእጄ ወሰደችው። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ፣ እሱንም አንድ ጊዜ ብቻ አሳየችኝ። ቁጥር የለውም። እንዲህ ነበር የጻፈችው፦ «እሷ ስትተኛ እኔ ተኛሁ? የበላሁት ጣመኝ ወይስ እማዬን ላለማስቀየም ነው? ዛሬ የሳቅኩት የእውነቴን ነው? ብቻዬን መሆን አማረኝ ወይስ ፈራሁ? ልጄን ሳያት ምን አልኩ?» ሦስተኛው ላይ አንድ ፊደል ስታ ነበር። አፌን ስከፍት ደብተሩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ የተጻፈውን አላየሁም። ለእኔ ዓይነት ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ደብተሩ በዳይፐሩ ቦርሳ ውስጥ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ ልጅቷን ባጸዳሁ ቁጥር ጣቴ ይነካዋል። አልከፈትኩትም። እናቴ፣ «ምንድን ነው በየቀኑ የምትሞነጫጭሪው?» ስትላት፣ «የጡት ሰዓቷን ነው እማዬ» ትላታለች። እናቴም ደስ ብሏት ለጎረቤት ትናገራለች፤ «የእኔ ልጅ ጡት እንኳን የምታጠባው በመዝገብ ነው!»

አርባ አምስተኛው ቀን፣ የክትባቱ ቀን፣ ደረሰ። እናቴ «ያለ እኔ አትሄዱም» አለች፤ ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እኔ ከትምህርት ቤት ግማሽ ቀን አስፈቅጄ ነበር። ስልኬ ላይም በተራ ቁጥር የተጻፈ ማስታወሻ አዘጋጅቻለሁ፤ አንደኛ መቼ እንደጀመራት፣ ሁለተኛ ምን ምን እንዳየሁ፣ ሦስተኛ ምን እንዳለችኝ። ወረፋ እስኪደርሰን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ልጅቷ ተመዘነች፣ ተወጋች፣ ክፍሉን በጩኸት ሞላችው። የጤና ጣቢያው ነርስ ካርዷን እየሞላች፣ «አንቺስ እንዴት ነሽ የኔ እናት?» ብላ ጠየቀች።

«ተመስገን!» አለች እናቴ። «በደንብ ትበላለች። ጡቷም ሙሉ ነው። ምን አጥታ!»

ነርሷ ሳቅ ብላ፣ «እሺ እናቴ፣ እርስዎ ካሉ ጥሩ ነው» አለችና ወደ ካርዱ ተመለሰች። እኔ ስልኬን አውጥቻለሁ። አንደኛ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እህቴ ከዳይፐሩ ቦርሳ ውስጥ ደብተሩን ስታወጣ አየኋት፤ አየችኝ። አፌን ገጠምኩ። ከሚቀጥለው ደቂቃ የበለጠ የከበደኝ ደቂቃ አላስታውስም፤ እህቴ ገጹን ስትፈልግ ነርሷ ቀጣዩን ሰው ልትጠራ ነበር።

«እማዬ፣ እኔ ልንገራት» አለች እህቴ። «ሲስተር፣ ደህና አይደለሁም።»

እስክሪብቶው ቆመ።

ከደብተሩ እያነበበች ተናገረች። ከአሥራ ሁለት ቀን በስንቱ ልጇ ስትተኛ እንዳልተኛች። ምግብ የጣማት አንድ ቀን እንደሆነ። የእውነቷን የሳቀችው ሁለት ቀን እንደሆነ፤ አንዱ ባለቤቷ በስልክ ሲያስቃት፣ ሌላው እኔ ድስት ሳሳርር። ልጄን ሳያት ምን አልኩ ለሚለው አምስት ቀን «ይቅርታ» ብላ ጽፋለች። መሐል ላይ ገጹን ገለጠችና ቀጠለች። ነርሷ ወንበሯን አዞረች፤ ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል ብላ በግልጽ ጠየቀቻት። እህቴም በግልጽ መለሰች፦ «አልመጣብኝም። እንዳይመጣብኝ ግን እፈራለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

እናቴ ልጅቷን አቅፋ ደርቃ ቀረች። «ልጄ፣ አጠገብሽ ነበርኩ እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ከልጅቷ ትንፋሽ አይበልጥም።

«ነበርሽ እማዬ።»

ነርሷ ቀጠሮ ብላ አልመለሰቻትም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ የአእምሮ ጤና የሚያዩት ባለሙያ ዘንድ ራሷ ልትወስዳት ተነሣች። በር ላይ ደብተሩን እያየች፣ «እንዲህ አድርገሽ መያዝ ማን አስተማረሽ?» አለቻት።

«ራሴ ነኝ» አለች እህቴ።

በማስተማር ዘመኔ ብዙ ምስጋና ሰምቻለሁ፤ የተማሪ ወላጆች የለገሱኝም አለ። አንዳቸውም የዚያችን ቃል ያህል ደረቴን አልነፉልኝም። ልክ ናት፤ ራሷ ናት።

ቶሎ አላለቀም። ምክሩ፣ ቀጠሮው፣ ባለቤቷ ሥራ አስለውጦ አዲስ አበባ መቅረቱ፣ ደግሞ መለስ ብሎ የሚከፋ ሳምንት፤ ወራት ወስዷል። በትምህርት ቤታችን ነፍሰ ጡር የሆነች የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሰምታ፣ «ፎርሙን ስጪኝ» ብትለኝ ፎርም የለውም አልኳት፤ ከዚያ ለምን ራሷ መጻፍ እንዳለባት እረፍት እስኪያልቅ አስረዳኋት።

ግን ደጋግሜ የማስበው የሁለተኛውን ቀጠሮ ጠዋት ነው። ሃምሳ ሁለተኛው ቀን ነበር፤ ክርስትናው ገና ነው። ቦርሳዬን አንስቼ ልከተላት ስል እህቴ፣ «ብቻዬን ልሂድ» አለች። እናቴን ነው ያየሁት። እናቴ አንድ ጊዜ ቢላዋውን፣ አንድ ጊዜ እህቴን አየች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችላትና በሩን ከፈተችላት።

ልጅቷን ይዘን በረንዳ ላይ ወጣን። እህቴ ከደረጃው ወርዳ ግቢውን አቋረጠች፤ ልብስ ከሚያሰጡት ሴቶች ጋር ቆማ ሰላም ተባባለች፤ ወደ ታክሲው መንገድ ታጠፈች። እኔ ለእናቴ በዛሬው ቀጠሮ ምን ምን እንደሚጠይቋት ማስረዳት ጀምሬ ነበር።

«ቆይ ዝም በይማ» አለችኝ፤ የልጅቷን ፊት ወደ መንገዱ እያዞረች። «እናትሽን እያት እስቲ። አየሽ ቀጥ ብላ ስትሄድ?»